ካምፕ የሚለው ቃል

ባለቤቴ «ጡረታ ስንወጣ ካምፕ ውስጥ እንኖራለን» ሲለኝ ሦስት ቀን አኮረፍኩት።

እሱ የሚያወራው ስለ አሜሪካኖቹ ካምፕ ነበር። ዛፍ ሥር አረፍ ብሎ፣ እሳት አንድዶ፣ ኮከብ እያዩ ማምሸት። እኔ ላይ የመጣብኝ ግን ፀሐይ ያጋለው የሸራ ሽታ ነው። ጊዜው 1973 ዓ.ም.፣ ቦታው ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ አጠገብ። የውሃ ቦቴ እስኪመጣ ጀሪካኖቻችንን ደርድረን የተቀመጥንበት አቧራ ታየኝ። መተማን በእግር አልፈን፣ ድንበር ተሻግረን የገባንበት ያ ቦታ ስሙ ካምፕ ነው። በሱዳን በኩል ለወጣ የኔ ዘመን ሰው ቃሉ ሌላ ትርጉም የለውም። ትጠብቃለህ። ስም ሲጠራ ትሰማለህ። ካልተጠራህ ነገም ትጠብቃለህ።

«ካምፕ እኮ ኖረናል» አልኩት በአራተኛው ቀን። «ረሳኸው እንዴ?»

«ምን እረሳለሁ» አለኝ። «አንቺን ያገኘሁት እዚያ አይደል?»

እሱስ እውነቱን ነው። የተገናኘነው ውሃ ሰልፍ ላይ ነው። የኔ ጀሪካን ክዳን አልነበረውም። የራሱን ክዳን አውልቆ ሰጠኝ። የሱ ውሃ በየመንገዱ እየፈሰሰ ድንኳኑ እስኪደርስ ግማሽ ሆነ። ልጆቻችን ይህን ታሪክ እስኪሰለቻቸው ሰምተውታል።

ይህን የምጽፈው ቨርጂኒያ፣ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ፣ ተራራ ላይ ከቆመው ቤታችን ውስጥ ሆኜ ነው። ቤቱ ስድስት ጎማ አለው። አርቪ ይሉታል። ሐበሻ ሲጠይቀኝ «መኪናም ነው፣ ቤትም ነው» እላለሁ። ርዝመቱ 28 ጫማ ነው፣ ስምንት ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ከሹፌሩ ወንበር በላይ አልጋ አለው፤ የልጅ ልጆች ሲመጡ እዚያ ይተኛሉ። ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ሻወር፣ ሽንት ቤት አለው። መተላለፊያው ሁለት ሰው ፊት ለፊት አያሳልፍም፤ አንዳችን አልጋው ላይ ቁጭ ብለን ሌላው ያልፋል። ሌላ ቤት የለንም። ዓመቱን ሙሉ የምንኖረው እዚህ ነው። ሰመር፣ ሞቃቱ ወራት፣ ሲመጣ ደግሞ በበጎ ፈቃድ ካምፕ ሆስት እንሆናለን፤ ካምፕ ለሚያድሩ እንግዶች አስተናጋጅ ማለት ነው። ዘንድሮ አራተኛ ዓመታችን ነው።

ስለ ቀድሞው ቤታችን ልንገራችሁ፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ነውና። ባለቤቴ ዋሽንግተን ውስጥ መጀመሪያ ፓርኪንግ፣ ኋላ ታክሲ ሠርቷል። ታክሲውን ብቻ 27 ዓመት ነድቷል። እኔ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ረዳት ነርስ ነበርኩ። አንዳንዴ ሁለት ሥራ፣ አንዳንዴ ሦስት እየያዝን ሜሪላንድ ውስጥ ባለ ሦስት ፎቅ ታውንሃውስ ገዛን። ልጆች አሳደግንበት። ክርስትና ደገስንበት፣ ለቅሶ ተቀመጥንበት። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ግን ሦስተኛውን ፎቅ የማየው ለማጽዳት ብቻ ሆነ። ጉልበቴም ደረጃውን እምቢ አለ።

ለኛ ሰው ቤት መሸጥ ቀላል አይደለም። «ቤት ሠራ» ከተባለ ሰውየው ሰው ሆነ ማለት ነው። «ቤቱን ሸጠ» ከተባለ ደግሞ አንድ ነገር ደርሶበታል። እኛ ስንሸጥ ቤተ ክርስቲያን የተወራው «ባንክ ወሰደባቸው» ተብሎ ነው። አንዲት የማኅበር ጓደኛዬ ጥግ ይዛኝ «ችግር ካለ ንገሪን፣ እናዋጣለን» አለችኝ። ፍቅሯ አስለቀሰኝ። ልጄ ደግሞ በሌላ በኩል ፈራች። «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜ መንገድ ላይ? አባዬ ቢታመምስ?»

እኔን ያሳመነኝ ባለቤቴ ብቻ አይደለም። ሥራ ቦታ የምንከባከባቸው አንዲት እናት ነበሩ። ግድግዳቸው ላይ ከልጆቻቸው ፎቶ በላይ የተሰቀለው የአንድ አሮጌ ተጎታች ቤት ፎቶ ነው፤ ሐይቅ ዳር የቆመ። የራሳቸው ስም የሚጠፋባቸው ቀን ነበር። ያ ሐይቅ ግን ጠፍቷቸው አያውቅም። ገላቸውን ሳጥባቸው ውሃው እንዴት ይቀዘቅዝ እንደነበር ይነግሩኛል። ትልቅ ቤት እንደነበራቸው የሰማሁት ከልጃቸው ነው። እሳቸው አንድ ቀን አንስተውት አያውቁም። እኔስ ከረሳሁ በኋላ የሚቀረኝ ምንድነው እያልኩ ስንት ጊዜ በአውቶቡስ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ስለዚህ ሸጥን።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ይከፍሏችኋል?» ነው። አይከፍሉንም። የብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት የበጎ ፈቃድ ፕሮግራሙን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። የደን መሥሪያ ቤቱ፣ የጦር ሠራዊቱ የምሕንድስና ክፍል የሚያስተዳድራቸው ሐይቆች፣ የየስቴቱ ፓርኮችም በጎ ፈቃደኛ ይቀበላሉ። የፌዴራሎቹ ክፍት ቦታ ቮለንቲር ዶት ገቭ ላይ ይወጣል። ታመለክታለህ፣ ያናግሩሃል፣ የወንጀል ሪከርድህ ይጣራል። ከዚያ በሳምንት የተስማማችሁበትን ሰዓት ትሠራለህ። በምትኩ ቤትህን የምታቆምበት ቦታ ከነመብራቱና ከነውሃው ይሰጡሃል። 250 ሰዓት ያገለገለ ሰው የፌዴራል ፓርኮችን የአንድ ዓመት መግቢያ በነጻ ያገኛል። እኛ 62 ስላለፈን የዕድሜ ልኩን ካርድ በ80 ዶላር አውጥተን ነበር።

ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ በጣም ተቆጣኝ። «አርባ ዓመት አሜሪካ ኖረሽ አሁን በነጻ ሽንት ቤት ልትጠርጊ?» አለኝ።

«ደቦ ስትጠራ ስንት ይከፍሉኛል ትላለህ?» አልኩት።

ዝም አለ። እሱ የገጠር ልጅ ነው፤ ደቦን ከኔ በላይ ያውቀዋል። እኔም ያን ያልኩት ለማሸነፍ አይደለም። አርባ ዓመት ሙሉ ሰዓቴን ስሸጥ ኖሬያለሁ። ካርድ አስገብቼ ገብቻለሁ፣ ካርድ አስገብቼ ወጥቻለሁ። አሁን ሰዓቱ የኔ ነው። የኔ ከሆነ ደግሞ ለወደድኩት መስጠት እችላለሁ። ይህ ስሜት ለኔ አዲስ ነው፤ እስካሁንም ጠዋት ስነሳ ደስ ይለኛል።

ሥራው ብዙ ነው ግን ከባድ አይደለም። ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ማየት፣ ሽንት ቤት ወረቀት ማሟላት፣ ቆሻሻ መልቀም፣ መንገድ ማሳየት፣ ከማታው 4 ሰዓት በኋላ ድምፅ ቀንሱ ማለት። ፖሊስ አይደለንም። ከአቅም በላይ ከሆነ በሬዲዮ የፓርኩን ጠባቂ፣ ሬንጀር፣ እንጠራለን። በአራት ዓመት ውስጥ የጠራነው በጣት ለሚቆጠር ጊዜ ነው። ባለቤቴ 27 ዓመት ሙሉ ሌሊት ከሰከረውም ካዘነውም ጋር መኪና ውስጥ ተቀምጦ ያወራ ሰው ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ሲጠጋ ሰው ይለዝባል።

እኔ የምወደው ግን አመድ ማውጣት ነው። እያንዳንዱ ማደሪያ የብረት ቀለበት አለው፤ እሳት የሚነደው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። እንግዶቹ ሲለቁ አካፋና የብረት ባልዲ ይዤ እሄዳለሁ። ከመዛቄ በፊት ጓንቴን አወልቅና የእጄን ጀርባ ወደ አመዱ አስጠጋለሁ። ከላይ ነጭ ነው፣ የሞተ ይመስላል። ጫር ሳደርገው ከሥር ሙቀቱ ወደ ላይ ይመጣና ጣቶቼን ይነካኛል። አንዳንዴ አንድ ፍም ቀይ ሆኖ ይታያል፤ የፍየል ዓይን ያህላል።

እናቴ ማታ እሳት ስትዳፍን እያየሁ ነው ያደግኩት። ፍሙን ወደ መሐል ትሰበስበዋለች፣ አመድ ታለብሰዋለች። ጠዋት ገለጥ ስታደርገው አለ። የኛ ጠፍቶ ካደረ እሳት እንድጭር ጎረቤት እላካለሁ፤ በገል ላይ ፍም ይዤ እፍ እፍ እያልኩ እሮጣለሁ። የተዳፈነ እሳት እንደማይሞት ያወቅኩት ያኔ ነው። ሥልጠና ላይ ሬንጀሯ «አፈር አልብሰው የሚሄዱት ናቸው የሚያሠጉን» ስትል የገባኝ ከሁሉም ቀድሞ ነው። ሰዎቹ «አጥፍተነዋል» ይላሉ። አላጠፉትም፤ ዳፍነውታል። ነፋስ ከተነሳ ወይም በሥር በኩል ከሄደ ጫካውን ይይዛል። ደንቡ ቀላል ነው። ውሃ ታፈሳለህ፣ ታማስላለህ፣ እንደገና ታፈሳለህ፣ ከዚያ በእጅህ ትዳስሳለህ። እጅህን ካቃጠለው ጥለኸው አትሄድም።

እናቴ ብታየኝ ምን ትለኝ ነበር እላለሁ። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ እሳት እንዳይጠፋባት ስትጠብቅ ኖረች፣ እኔ ደግሞ መጥፋቱን እያረጋገጥኩ እዞራለሁ። ግን እሳት የሚጭር ጎረቤት እዚህም አለ። ማታ ማታ በራችንን የሚያንኳኳው ላይተር የጠፋበት ነው፣ ወይም እንጨቱ እርጥብ ሆኖ እምቢ ያለው። ማንም ባዶ እጁን አይመለስም።

እንጨት ካነሳሁ፦ እባካችሁ ካምፕ ስትሄዱ ከቤታችሁ እንጨት ጭናችሁ አትምጡ። ከእስያ የመጣች አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ጥንዚዛ አለች። እ.ኤ.አ. በ2002 ሚሺጋን ውስጥ ከተገኘች ወዲህ አሽ የሚባለውን ዛፍ በሚሊዮን በሚቆጠር ገድላለች። ራሷ ብዙ ርቀት አትበርም። ከስቴት ስቴት የሚያጓጉዛት የሰው መኪና ነው፣ በማገዶ ውስጥ። እዚሁ የወደቀውን ደረቅ እንጨት ለቅሞ ማንደድ ይቻላል፤ በሙቀት የታከመ ተብሎ የታሸገውም ይሸጣል። እጃችን ውስጥ ያለች ጥንቃቄ ናት።

እንጀራስ? ምጣዴን ይዤ ነው የወጣሁት። ካለሱ አልሄድም ብዬ ነው የተስማማሁት። ምጣዱ ወደ 1500 ዋት ይበላል። ቤታችን የሚቀበለው መስመር 30 አምፔር ነው፤ በ120 ቮልት ስታባዙት 3600 ዋት ይሆናል። ብዙ ይመስላል። ግን ኤሲው ሌላ 1500 ይወስዳል፣ የውሃ ማሞቂያውም ከሱ ብዙ አያንስም። ሦስቱ አንድ ላይ ከበሩ ጧ ይልና መብራት ይሄዳል። የመጀመሪያው ሰሞን ሊጤን አፍስሼ፣ ዓይን እየጣለ ሳለ ጠፋብኝ። እንጀራው ግማሹ በስሎ ግማሹ ሊጥ ሆኖ ቀረ። አሁን ቤታችን ውስጥ ሕግ አለ። እንጀራ ሲጋገር ሌላው ሁሉ ይጠፋል። ሊጡ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ተራራ ላይ ሌሊቱ ስለሚበርድ ለመቦካት ይዘገያል፤ እኔም ሹፌሩ ወንበር ላይ ጋቢ አልብሼ አስቀምጠዋለሁ። ከጋገርኩ በኋላ አንዲት ፍርፋሪ ውጭ አትቀርም። እዚህ ጥቁር ድብ አለ። ድብ የሰው ምግብ ከለመደ መጨረሻው ለሱም ለሰውም አያምርም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ሸናንዶዋን የመረጥነው ከልጆቻችን እንዳንርቅ ብለን ነው። የፓርኩ ሰሜናዊ መግቢያ ከዋሽንግተን 70 ማይል ያህል ነው። ስካይላይን ድራይቭ የተራራውን ጫፍ ይዞ 105 ማይል ይሄዳል፤ ከ35 ማይል በሰዓት በላይ አይነዳም። መሐል ላይ ሜሪስ ሮክ የሚባል ዋሻ አለ፤ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች። ባለቤቴ የኛን ቤት ቁመት በልቡ ያውቀዋል፣ 11 ጫማ ነው። ያም ሆኖ መጀመሪያ ቀን ዋሻው በር ላይ ዳር ይዞ ቆሞ በሜትር ደግሞ ለካው። ከዚያ አማተበና ገባ።

ታሪኩን ያወቅነው ከገባን በኋላ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1935 ሲመሠረት ተራራው ባዶ አልነበረም። ቨርጂኒያ መሬቱን በሕግ ወስዳ ለፌዴራል መንግሥት ስታስረክብ ከ400 በላይ ቤተሰቦች ቀያቸውን ለቀዋል። ዛሬ ጫካ ውስጥ ስትሄዱ የድንጋይ መሠረት ታገኛላችሁ። ማንም የማይለቅመው የፖም ዛፍ ታገኛላችሁ። በጸደይ ደግሞ ድሮ የቤት ደጅ በነበረበት ቦታ ቢጫ አበባ በመስመር ይወጣል። የተከለችው ሴት የለችም፣ አበባው በየዓመቱ ይመጣል። የቤተሰብ መቃብሮችም አሉ። ባለቤቴ እዚያ ሲደርስ ባርኔጣውን ያወልቃል። ከቀዬ መነሳት ምን እንደሆነ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም።

ከዚያ ደግሞ ሉዊስ ማውንቴን አለ። ማይል 57 ተኩል ላይ ያለ ትንሽ ካምፕ ነው፣ ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጸጥ ያለ። እ.ኤ.አ. በ1939 ሲከፈት ለጥቁሮች ብቻ የተለየ ቦታ ነበር። ቡና መሸጫ፣ ጎጆዎች፣ የሽርሽር ሜዳና የካምፕ ቦታ ነበረው። በሩ ላይ የቆመው ምልክት «ኒግሮ» የሚለውን ቃል በትልቁ ይዞ ነበር። በቀረው ፓርክ ነጭ ያድራል፣ እዚህ ጥቁር ያድራል። ይህ መለያየት ሙሉ በሙሉ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው፤ እኔ ከመወለዴ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ። ፓርኩ ታሪኩን አይደብቅም። በርድ የሚባለው የጎብኚዎች ማዕከል ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

የመጀመሪያ ዕረፍት ቀናችን ላይ ቡና በቴርሞስ ይዘን ሄድን። አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ተናደድኩ። ይኸው ደግሞ ሌላ ካምፕ አልኩ። አንተ እዚህ ትተኛለህ፣ አንተ እዚያ ትተኛለህ የሚል ሌላ ሰው ያለበት።

አጠገባችን አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ቡና ቀዳንላቸው። የዋሽንግተን ሰው ናቸው። ወላጆቻቸው እሳቸው ሳይወለዱ ጀምሮ እዚህ ይመጡ እንደነበር ነገሩን። እኔ ንዴቴን ሳልደብቅ «እንዴት ይወዱታል ታዲያ?» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። እናታቸው ምልክቱን እስክትሞት እንዳልረሳችው ነገሩኝ። ግን ደግሞ ከቤተሰቡ ፎቶ ሁሉ እናታቸው ስትስቅ የሚያሳየው እዚህ የተነሳችው ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። ሁለቱም እውነት ነው አሉ። አንዱ አንዱን አይሽረውም።

ባለቤቴ ወደኔ ዞሮ አላየኝም። ጽዋውን ብቻ አስቀመጠ። ሁለታችንም የምናስበው ስለ ጀሪካኑ ክዳን ነበር። አርባ ምናምን ዓመት ያን ካምፕ ስጠላው ኖሬያለሁ፣ በእውነትም የሚጠላ ነበር። በወባ የሞቱብኝን አውቃቸዋለሁ። ግን የሕይወቴ ሰው የተገኘው እዚያ ነው። አንድ ሌሊት ደክመን ስንገባ ሰሌኗን ከሥሯ ስባ የሰጠችን ሴት የነበረችው እዚያ ነው። ስሟን አልጠየቅኳትም። ጠዋት ስፈልጋት ሌላ ቦታ ወስደዋቸው ነበር። ያን ቀን ሉዊስ ማውንቴን ላይ የመጀመሪያ ጊዜ ስለሷ ለባለቤቴ አወራሁት።

ከዚያ ወዲህ ማታ ዘግይቶ የሚገባ መኪና መብራቱ መስኮታችን ላይ ሲያልፍ ተኝቼ አልቀርም። ጃኬቴን ደርቤ እወጣለሁ። አንዴ ዝናብ እየጣለ አንዲት እናት ከሁለት ልጆች ጋር ድንኳን መትከል አቅቷት ስታለቅስ አገኘኋት። ልጆቹን እኛ ጋ አስገባሁ፣ ባለቤቴ ከሷ ጋር ምሰሶውን ያዘ። ለአርባ ደቂቃ ነው። ጠዋት ሲሄዱ ትንሹ ልጅ ጥድ ፍሬ ሰጠኝ። መስኮቱ ላይ አለ።

ችግሩንም ልንገራችሁ፣ ያማረውን ብቻ አውርቼ እንዳላሳስታችሁ። አምና መኪናው መንገድ ላይ ማርሽ እምቢ አለ። የገባበት ጋራዥ «ሦስት ቀን» ያለን ሦስት ሳምንት ሆነ። ሌላ ሰው መኪናው ሲበላሽ ቤቱ ይገባል። የኛ ግን ቤታችን ነው ጋራዥ የገባው። ሞቴል ተከራይተን፣ መድኃኒታችንን በፌስታል ይዘን ሦስት ሳምንት ቆየን። ክፍያው ከነገሩን በላይ ሆነ። ያኔ ባለቤቴ ሲሸበር የመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ከዚያ በኋላ ለእንዲህ ያለ ቀን የተለየ ገንዘብ እናስቀምጣለን። ሕክምናም ይታሰብበት። የኔ ምክር በየአካባቢው ሐኪም ዝርዝር የሚወሰነውን ሳይሆን ዋናውን የመንግሥት ሜዲኬር፣ የአረጋውያንን የጤና መድን፣ መያዝ ነው። ሜዲኬር የሚቀበል ሐኪም በየትኛውም ስቴት ያያችኋል። ነዳጁም ቀልድ አይደለም። በአንድ ጋሎን የምንሄደው ከ10 ማይል አይበልጥም፤ ስለዚህ ከመዞር ይልቅ ቦታ ይዘን ወራት እንቀመጣለን። ደብዳቤያችንን ሳውዝ ዳኮታ ያለ አድራሻ ተቀብሎ ይልክልናል። ልጆች ይናፍቃሉ። ቅዳሴ ይናፍቃል። ለቅሶ በስልክ መድረስ ምንም አይደርስም፤ እሱ ነው እስካሁን ያልለመድኩት።

ብርዱ ሲመጣ ኒው ሜክሲኮ እንወርዳለን። ሪዮ ግራንዴ ወንዝ ዳር ቦስኬ ዴል አፓቼ የሚባል የዱር አእዋፍ መጠለያ አለ። ከሰሜን የሚመጡ ሳንድሂል ክሬን የሚባሉ ባለ ረጅም እግር ወፎች በሺዎች ሆነው ይከርሙበታል። ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ሲነጋ እየጮኹ ይነሳሉ። ባለቤቴ ደብረ ዘይት ጨለለቃ ሐይቅ ላይ በልጅነቱ ያያቸውን ያስታውሱታል። ዘመዶቻቸው ናቸው፤ ከአውሮፓ ወርደው እዚያ የሚከርሙት።

አምና በነሐሴ ስድስት ወጣቶች ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ መጡ። ድንኳን ሲተክሉ ገና ከሩቁ ያስታውቃሉ፤ የመጀመሪያቸው ነው። ጠረጴዛው ላይ ምግብ ክፍት ትተው እሳት ሲያነዱ ነው የደረስኩት። የበጎ ፈቃደኛ ሰደርያዬንና ኮፍያዬን አድርጌ በእንግሊዝኛ ሰላም አልኳቸው። አንዷ ወደ ጓደኛዋ ዞራ «ሴትየዋ ሐበሻ አትመስልም?» አለች።

«ነኝ» አልኳት። «ጥብሱን መኪና ውስጥ አስገቡት፣ ድብ አለ።»

ጩኸታቸው ተራራውን ሞላው። ጉልበቴን ሳሙኝ። «እማማ፣ ግን እዚህ ምን ይሠራሉ?» አለኝ አንዱ። እኔም ይህን ሁሉ ነገርኩት። ገዳሪፍ ስደርስ ልጁ እጁን ከእሳቱ መለሰ። አባቱ በሱዳን በኩል እንደወጡ ብቻ ያውቃል። ቤት ውስጥ አይወራም። በየዓመቱ «ካምፕ እንሂድ» ሲላቸው «እኔ ድንኳን አልወድም» ይሉታል፤ ለምን እንደሆነ ነግረውት አያውቁም። ልጁ ሰነፍ ወይም ፈሪ ስለሆኑ መስሎት ነበር። ማታ ሁሉም ከተኙ በኋላ ተመልሶ መጣና «ውሃውስ? ውሃው ስንት ሰዓት ነበር የሚመጣው?» ብሎ ጠየቀኝ። ባለቤቴ እስኪደክመው አወራለት።

ነገ ቡሄ ነው። ልጆቹ ዘንድሮም ይመጣሉ። ሙልሙል ጋግሬያለሁ። ጅራፍ አይጮህም፣ ችቦ አይዞርም፤ እሳቱ ቀለበቱ ውስጥ ነው፣ ጭፈራውም እስከ አራት ሰዓት ብቻ ነው። ፍልሰታ ስለሆነ ሽሮና ጎመን ነው የምንበላው። ትናንት ልጁ ደወለልኝ። አባቱም ይመጣሉ። ድንኳን ውስጥ እንደማያድሩ ነግረውታል፣ መምጣቱን ግን እሺ ብለዋል።

«ችግር የለም» አልኩት። «ከሹፌሩ በላይ ያለው አልጋ የሳቸው ነው።»

አንሶላውን ቀይሬያለሁ። ሊጡ ዓይን አውጥቷል። ኤሲውንም የውሃ ማሞቂያውንም አጥፍቻለሁ፤ ባለቤቴ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እንጀራው እስኪያልቅ ደጅ ተቀምጧል። ምጣዱ ግሏል።